የዝናብ ጎማ፦ ጥርሱ ሳያልቅ ዕድሜው የሚያልቅ ሸቀጥ

ጎማ ሊገዛ የመጣ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ጥርሱን ነው። ጥርሱ ጥልቅ ከሆነ «ገና አዲስ ነው» ይባላል። ሻጩም ዋጋውን በዚያው ልክ ይጠራል። ቀኑን ሙሉ ሲሽከረከር ለሚውል ታክሲ ወይም የጭነት መኪና ይህ ልማድ ብዙም አይጎዳም፤ ምክንያቱም ላስቲኩ ከማርጀቱ በፊት ጥርሱ ያልቃል። ይህንኑ ልማድ ይዞ ቢገባ ገዢውን የሚያከስር ገበያ ግን አለ። ይኸውም በገዛ ገንዘባቸው መኪና የሚያወዳድሩ አማተሮች የሚገበያዩበት የዝናብ ጎማ ገበያ ነው።

ይህ ገበያ በደንብ ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። በዚያ አገር ቅዳሜና እሑድ ከሥራ መልስ የሚወዳደሩ ነጋዴዎች፣ መካኒኮችና የቢሮ ሠራተኞች አሉ። ሽልማቱ አብዛኛውን ጊዜ ዋንጫ ብቻ ነው። ወጪው በሙሉ ከኪስ ይወጣል። በመሆኑም ጎማ የሚመረጥበት መንገድ የስፖርት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሂሳብ ጉዳይም ነው። ስህተቱ ደግሞ በገንዘብ ብቻ አይመለስም፤ በዝናብ የሳተ መኪና ከግንብ ወይም ከዛፍ ጋር ሊጋጭ ይችላልና።

ውድድሩ ምን ይመስላል?

«ስፕሪንት» የሚባለው ውድድር ብዙ መኪናዎች ተጋፍተው የሚሮጡበት አይደለም። መኪናዎች አንድ በአንድ ከቆሙበት ይነሳሉ፤ የተወሰነ ርቀት ይሮጣሉ፤ ጊዜያቸው ይመዘገባል። አጭሩን ጊዜ ያስመዘገበ ያሸንፋል። የዳገት ውድድርም በዚሁ ሥርዓት የሚካሄድ ሲሆን ልዩነቱ መንገዱ ሽቅብ መሆኑ ነው። ለአብነት ያህል ሼልስሊ ዋልሽ በተባለው ሥፍራ እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ የዳገት ውድድር ይካሄዳል። የመንገዱ ርዝመት 1,000 ያርድ፣ ማለትም 914 ሜትር ነው። እጅግ ፈጣኖቹ መኪናዎች ይህንን ዳገት ከ23 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወጥተውታል።

ከዚህ የምንረዳው ትልቁ ቁም ነገር የጊዜው ማጠር ነው። በክብ ሜዳ ላይ ለ20 ደቂቃ የሚሽከረከር ተወዳዳሪ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ጎማውን ለማሞቅ ሊጠቀምባቸው ይችላል። የስፕሪንት ተወዳዳሪ ግን ይህ ዕድል የለውም። ጎማው ሞቆ መያዝ ሲጀምር ውድድሩ አልቋል። ስለዚህ ጎማው እንደቀዘቀዘ፣ ከመጀመሪያው ሜትር ጀምሮ መንገዱን መያዝ አለበት።

የጥርሱ ሥራ

ጥርስ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ 3 ሚሊ ሜትር ውሃ በተኛበት አስፋልት ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ፣ በየሰከንዱ ወደ 17 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ከፊቱ ይገጥመዋል። ይህ ውሃ በጥርሱ መካከል ወደ ጎንና ወደ ኋላ መውጫ ካላገኘ ጎማውን ከአስፋልቱ ያነሳዋል። ያን ጊዜ መሪው ቢዞር፣ ፍሬን ቢያዝ መኪናው አይታዘዝም። በታላቁ የፎርሙላ ዋን ውድድር የፒሬሊ ኩባንያ የከባድ ዝናብ ጎማ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 85 ሊትር፣ የቀላል ዝናቡ ደግሞ 30 ሊትር ውሃ ያስወጣል።

ጎማ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍበትን ፍጥነት በተመለከተ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1963 በአውሮፕላን ጎማ ላይ ያካሄደውን ጥናት አሳትሟል። ከጥናቱ የተገኘው ቀመር ቀላል ነው። የጎማው ንፋስ በፒ.ኤስ.አይ ተለክቶ ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል፤ ውጤቱ በ10.35 ሲባዛ ፍጥነቱ በሰዓት ማይል ይገኛል። 32 ፒ.ኤስ.አይ የተነፋ ጎማ በዚህ ስሌት በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ገደማ ይንሳፈፋል። 20 ፒ.ኤስ.አይ የተነፋው ግን በ75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀመሩ የሚሠራው ጥርሱ ላለቀ ጎማ ወይም ውሃው ከጥርሱ አቅም በላይ ለሆነበት ሁኔታ ሲሆን፣ ጥሩ ጥርስ ያለው ጎማ ከዚህ የበለጠ ይታገሣል። ያም ሆኖ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ቀላልና ትንሽ ንፋስ የሚነፋ የስፖርት መኪና ከከባዱ መኪና ቀድሞ ይንሳፈፋል። ከሰፊ ጎማ ይልቅ ጠበብ ያለው በውሃ ውስጥ የተሻለ የሚሆነውም የሚገጥመው ውሃ ስለሚያንስ ነው።

የላስቲኩ ሥራ

ይሁንና በአብዛኛው የዝናብ ቀን መንገዱ ላይ የተኛው ውሃ ጥልቅ ኩሬ አይደለም፤ አስፋልቱን ያረጠበ ስስ ውሃ ነው። በዚህ ጊዜ ጥርሱ ውሃውን በቀላሉ ያስወጣል። ከዚያ በኋላ መኪናውን የሚይዘው ላስቲኩ ነው። ለስላሳ ላስቲክ በአስፋልቱ ጥቃቅን ጉብታዎች ላይ ተጣጥፎ ይይዛል። የደነደነ ላስቲክ ግን በጉብታዎቹ አናት ላይ ይንሸራተታል።

ላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። የደረቅ ውድድር ጎማ የሚሠራው ሞቆ ስለሆነ በብርድና በዝናብ እንደ እንጨት ይሆናል። የዝናብ ጎማ ግን ገና ከመነሻው በዝቅተኛ ሙቀት ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ ይቀመማል። ለዚህ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ሲሊካ ነው። ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሊካ የበዛበትን የመንገድ ጎማ ገበያ ላይ ካዋለ ወዲህ፣ ይህ ቅመም በእርጥብ መንገድ ላይ ለሚይዝ ጎማ የታወቀ ግብዓት ሆኗል።

የላስቲክ ጥንካሬ ዱሮሜትር በተባለች ትንሽ የእጅ መሣሪያ ይለካል። ቁጥሩ ሲያንስ ላስቲኩ ለስላሳ፣ ሲበዛ ደንዳና ነው ማለት ነው። አዲስ የውድድር ዝናብ ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ50 በታች ያነባል። የተለመደ የመንገድ ጎማ ግን 60ዎቹ ውስጥ ነው። ችግሩ ላስቲክ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦም እየደነደነ መሄዱ ነው። አየር፣ ፀሐይና ሙቀት ቀስ በቀስ ያደርቁታል። ስለዚህ ከአንድ ጊዜ በላይ ያልተነዳ፣ ጥርሱ ሙሉ የሆነ የዝናብ ጎማ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለዓይን አዲስ፣ ለመንገድ ግን አሮጌ ይሆናል።

አንድ ገበያ፣ ሁለት ዓይነት ገዢ

በዝናብ ጎማ ገበያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ገዢዎች አሉ። አንደኛው በክብ ሜዳ የሚሮጠው ነው። ይህ ሰው በአንድ ዝናባማ ቀን የ15 ደቂቃ ማጣሪያና የ20 ደቂቃ ውድድር ቢኖረው በድምሩ 35 ደቂቃ ይነዳል። በዚህ መካከል ዝናቡ ቆሞ መንገዱ መድረቅ ከጀመረ ለስላሳው ላስቲክ ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ ጥርሱም እየተገነጠለ በጥቂት ዙሮች ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ለእርሱ ወጪው ጥርሱ ነው።

ሁለተኛው የስፕሪንት ተወዳዳሪ ነው። በዓመት 10 ውድድር ይገባል፣ ከእነዚህም 3ቱ ዝናብ ይሆናሉ እንበል። በአንድ ቀን ልምምዱን ጨምሮ 5 ጊዜ ቢነሳና እያንዳንዱ ሩጫ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ፣ የዝናብ ጎማው በዓመት የሚሠራው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህም የክብ ሜዳው ተወዳዳሪ በአንድ ቀን ከሚነዳው ግማሽ አይሞላም። የስፕሪንቱ ሰው ጥርሱን በሕይወቱ አይጨርሰውም። ለእርሱ ወጪው ዕድሜ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የስፕሪንት ተወዳዳሪው ወደ ገበያ ወጥቶ በክብ ሜዳው ተወዳዳሪ ዓይን ይገዛል። ጥርሱ ለሞላው ጎማ ብዙ ይከፍላል፤ ጥርሱ ለተጋመሰው ጥቂት ያቀርባል። የሚያስፈልገው ግን የማያልቅ ጥርስ ሳይሆን ያልደነደነ ላስቲክ ነው።

ሂሳቡ ሲሠራ

ለማስላት እንዲመች የሚከተሉትን ዋጋዎች እንውሰድ። አራት አዲስ የዝናብ ጎማ 800 ፓውንድ ነው እንበል። ላስቲኩ በጥሩ ሁኔታ የሚያገለግለው 4 ዓመት ነው ብንል፣ በዓመት 3 የዝናብ ቀን በድምሩ 12 ቀን ይሆናል። 800 ለ12 ሲካፈል አንዱ የዝናብ ቀን 67 ፓውንድ ገደማ ያስወጣል።

ሁለተኛው ምርጫ አንድ ዓመት የሆነው፣ ጥርሱ የተጋመሰ ጎማ ነው። ዋጋው 350 ፓውንድ ይሁን። 3 ዓመት ይቀረዋል፤ ይህም 9 የዝናብ ቀን ነው። የቀኑ ወጪ 39 ፓውንድ ገደማ ይሆናል።

ሦስተኛው ጥርሱ ሙሉ የሆነ፣ ግን 6 ዓመት የተቀመጠ ጎማ ነው። ሻጩ «አልተነዳም» ብሎ 250 ፓውንድ ይጠይቅበታል። ገዢው በርካሽነቱ ተታልሎ ቢወስደው ለአንድ ዓመት፣ ማለትም ለ3 ቀን ይታገልበታል። የቀኑ ወጪ 83 ፓውንድ ገደማ ነው። ከሦስቱ በዋጋ ርካሹ በወጪ ውዱ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሰዓቱን ያጣል፤ ባስ ሲልም መኪናውን ያጣል።

በዚህ ሂሳብ ውስጥ ሌሎች ወጪዎችም መግባት አለባቸው። የዝናብ ጎማ ለብቻው አራት ቸርኬ ይፈልጋል፤ ውድድሩ ሜዳ ላይ ጎማ ከቸርኬ እያወጡ መቀየር አይቻልምና። ማስገጠሚያና ማመጣጠኛ አለ። በውድድር መኪናው ራሱ እየነዳ ወደ ሜዳ የሚመጣ ሰው ደግሞ ተጨማሪ አራት ጎማ የሚጭንበት ቦታ የለውም፤ ተጎታች ወይም ሌላ መኪና ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ጥቅሙ ካላመዘነ፣ በዝናብም በደረቅም የሚሠራ አንድ ጥሩ የመንገድ ጎማ መምረጡ አዋጭ ሊሆን ይችላል።

ያገለገለ ጎማ ሲገዛ

አንደኛ፣ ቀኑ ይነበብ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በተሠሩ የመንገድ ጎማዎች ጎን ላይ «ዲ.ኦ.ቲ» ከሚሉት ፊደሎች በኋላ ባለው ተከታታይ ምልክት መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ ይገኛል። ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። «2319» ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚታተም ጎማውን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ለውድድር ብቻ የተሠሩ ጎማዎች የራሳቸው ምልክት ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ቀኑ ካልተገኘ የሻጩ ቃል ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጥንካሬው ይለካ። ዱሮሜትር በጎማ ዋጋ ሲተያይ ርካሽ ነው። ልኬቱ ግን በተመሳሳይ ሙቀት መሆን አለበት፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጎማ ከቀዘቀዘው ይልቅ ለስላሳ መስሎ ይታያል። ላዩን የሚያለሰልሱ ኬሚካሎችም ስላሉ የሚያብረቀርቅና ሽታ ያለው ጎማ ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባል። አራቱም ጎማዎች ተቀራራቢ ቁጥር ማንበብ አለባቸው። የፊቶቹ ለስላሳ፣ የኋላዎቹ ደንዳና ከሆኑ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ጀርባውን ይጥላል።

ሦስተኛ፣ የመሽከርከሪያው አቅጣጫ ይታይ። ብዙ የዝናብ ጎማዎች በጎናቸው ላይ ቀስት አላቸው። ሁለቱ ለግራ፣ ሁለቱ ለቀኝ መሆን አለባቸው። ተገልብጦ የተገጠመ ጎማ ውሃውን ወደ ውጭ በመግፋት ፈንታ ወደ መሐል ይሰበስባል።

አራተኛ፣ ጥርሶቹ ሥር ስንጥቅና መገንጠል መኖሩ ይመርመር። ጠርዛቸው የተቃጠለና የተጠቀለለ ጥርሶች ጎማው በደረቅ መንገድ ላይ መነዳቱን ይመሰክራሉ።

አምስተኛ፣ አቀማመጡ ይጠየቅ። በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ፣ ከኤሌክትሪክ ሞተር ርቆ የተቀመጠ ጎማ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ሲመታው ከከረመው ይልቅ ዕድሜ አለው። ገዢውም ከገዛ በኋላ በዚሁ መንገድ ሊያስቀምጠው ይገባል።

እነዚህን ሁሉ ከከፈሉ በኋላ መመርመር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

ደንቡን ያላነበበ ገዢ

ጎማው ጥሩ ስለሆነ ብቻ ይፈቀዳል ማለት አይደለም። በእንግሊዝ ስፖርቱን የሚመራው ሞተርስፖርት ዩኬ ለመንገድ መኪናዎች መደብ የተፈቀዱ ጎማዎችን በዝርዝር ያወጣል። በዚያ መደብ የሚወዳደር ሰው ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ የውድድር ዝናብ ጎማ ቢገዛ ገንዘቡን ጣለ ማለት ነው። በአሜሪካም የስፖርት መኪና ክለብ በተባለው ማኅበር ውድድሮች፣ «ስትሪት» በሚባለው መደብ የሚገባ ጎማ የመቆያ ቁጥሩ ከ200 ማነስ የለበትም። ይህ ቁጥር በጎማው ጎን የታተመ ሲሆን አነስተኛ ቁጥር ቶሎ የሚያልቅ ጎማ መሆኑን ያመለክታል።

እንዲህ ባለው መደብ ምርጫው ከመንገድ ጎማዎች መካከል ነው። እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥርሳቸው ጥቂት የሆነ ከፊል የውድድር ጎማዎች በሞቃት ደረቅ አስፋልት ላይ ፈጣን ናቸው። በቀዝቃዛ ዝናብ ግን ጥሩ ከሚባል ተራ የመንገድ ጎማ ኋላ ሊቀሩ ይችላሉ። ደንቡ በሚፈቅድባቸው መደቦች ደግሞ አንዳንድ ተወዳዳሪዎች ጥርስ የሌለውን ለስላሳ የውድድር ጎማ በጋለ መቁረጫ በእጃቸው ጥርስ ያወጡለታል። ለቀላል ዝናብ ወጪ ቆጣቢ መፍትሔ ነው፤ ለጥልቅ ውሃ ግን አይሆንም።

ንፋሱም የራሱ ሂሳብ አለው። በደረቅ ቀን ጎማው ሲሞቅ ንፋሱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሲነሳ ዝቅ ተደርጎ ይነፋል። በዝናብና በአንድ ደቂቃ ሩጫ ግን ጎማው አይሞቅም፣ ንፋሱም አይጨምርም። ስለዚህ ከመነሻው ወደሚሠራበት ልክ ተጠግቶ መነፋት አለበት።

ዕቃው ኖሮ ጊዜው ሲያልፍ

በትክክል የተገዛ ጎማ በትክክለኛው ሰዓት ካልተገጠመ ትርፍ የለውም። ባለሙያዎችም ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በሩሲያ ሶቺ በተካሄደው የፎርሙላ ዋን ውድድር ላንዶ ኖሪስ እየመራ ሳለ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ዝናብ ጀመረ። ኖሪስ በደረቅ ጎማው ሊቀጥል ወሰነ። ሉዊስ ሃሚልተን ገብቶ የዝናብ ጎማ አስገጠመ። ዝናቡ በረታ፤ ሃሚልተን 100ኛ ድሉን አገኘ፤ ኖሪስ 7ኛ ወጣ። ጎማው ለሁለቱም ተዘጋጅቶ ነበር። የለያቸው የውሳኔው ሰዓት ነው።

የስፕሪንት ተወዳዳሪ በመካከል ገብቶ የሚቀይርበት ዕድል ስለሌለው ውሳኔው ከመነሳቱ በፊት ያልቃል። ተራው ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው አራት ጎማ መቀየር የማይችል ሰው የዝናብ ጎማ ቢኖረውም እንደሌለው ይቆጠራል።

ፋብሪካ ሲዘጋ

በእንግሊዝ ዊልትሺር ውስጥ በሜልክሻም ከተማ የነበረው የኤቨን ጎማ ፋብሪካ ለዳገትና ለስፕሪንት ተወዳዳሪዎች ከታወቁት አቅራቢዎች አንዱ ነበር። ባለቤቱ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ2021 በጉድይር ከተጠቀለለ በኋላ፣ ፋብሪካው በ2023 መጨረሻ ተዘግቷል። እንዲህ ያለ ነገር ሲከሰት ገበያው የሚሄድበት መንገድ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። ገዢዎች የለመዱት ዕቃ እንዳይጠፋባቸው ይሻማሉ፤ በየመጋዘኑ የተቀመጠው ዋጋ ያወጣል። ጨው ወይም ብረት ቢሆን ኖሮ ማከማቸቱ ያተርፍ ነበር። ጎማ ግን በየወሩ ከዋጋው የሚቀንስ ሸቀጥ ነው። ዛሬ በውድ ገዝቶ ለአምስት ዓመት የሚያስቀምጥ ሰው የሚያከማቸው ላስቲክ ሳይሆን ኪሳራ ነው።

ይህ ትምህርት በውድድር ሜዳ ብቻ አይቀርም። በአዲስ አበባ መደብሮች በሚሸጡ የመንገድ ጎማዎች ላይም ያው አራት አኃዝ ይገኛል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚነዳ የቤት መኪና ከታክሲው ይልቅ ለስፕሪንት መኪናው ይቀርባል፤ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃልና። የክረምቱ ዝናብ በሰኔ ከመግባቱ በፊት ጥርሱን በጣት የሚለካ ገዢ ቀኑንም በዓይኑ ቢያነብ የሚያወጣው ተጨማሪ ገንዘብ የለም። በዕድሜው የሚያልቅን ዕቃ በዕድሜው፣ በሥራው የሚያልቅን በሥራው መመዘን በጎማም ሆነ በባትሪ ወይም በመድኃኒት ገበያ የሚሠራ ሕግ ነው።